የተፈተነችው ሮኬት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝዎት፤ ያሉበት ቤት ሰላም ይሁን።

አይተውኝ አያውቁም። የታላቅ ወንድምዎ፣ የአናጢው፣ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት እርስዎ አገር ከለቀቁ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ስለነበርኩ የእጅ ጽሑፍዎን ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሳንጻጻፍ ቀረን። አሁን የጻፍኩት ለወቀሳ አይደለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ እርዳታ ልጠይቅዎት ነው።

ችግሬ ገንዘብ እንዳይመስልዎት። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። አሥራ አንድ የስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆች ያሉበት ክበብ አለኝ። ለዓመቱ መጨረሻ ትርዒት ትንሽ ሮኬት እንሥራ አሉ፤ እሺ አልኩ። አካሏ የካርቶን ቱቦ ነው፤ አፍንጫዋ ከቀላል እንጨት ተጠርቧል። ሞተሯ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ አንድ የሳይንስ ማኅበር ከነመመሪያው የሰጠን ስለሆነ እሱን አልነካካንም። ባለፈው ዓርብ ሜዳ ላይ ለኮስናት። የጣሪያ ያህል እንኳ ሳትወጣ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገለበጠችና ልጆቹ «ጄኔራል» ወደሚሉት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ገሠገሠች። ጄኔራል እግሬ አውጪኝ አለ፤ የተመታው ወንበሩ ነው። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሮኬቷ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ ሳላረጋግጥ ሁለተኛ እንዳልለኩሳት ርእሰ መምህሯ አስጠንቅቃኛለች።

ቤት ስገባ ለአባባ ነገርኩት። የበር ሳንቃ እየላገ ነበር። መላጊያውን አቆመና «ስለሱ አጎትሽን ጠይቂ፤ እሱ ያውቃል» አለኝ። ከኪስ ቦርሳው የታጠፈ አሮጌ ፖስታ አውጥቶ አድራሻዎን ሰጠኝ። አጎቴ፣ አባባ እርስዎን በአፉ ሲያነሳ በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሮኬት ለምን ይገለበጣል? ምን ብናደርግ ይቃናል? መልስዎን እንደ ልጆቹ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤
የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 14

ለማላውቅሽ፣ ግን ለማውቀው ሰው ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እጅሽ አይድከም፤ የምታስተምሪያቸው ልጆች ይባረኩልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለምን አይደውልም ትዪ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት የሕንፃ አየር ማስወጫ ማራገቢያ በሚሠራ ፋብሪካ ስገጥም ኖሬ ጆሮዬ ሄዷል። ስልክ ላይ ሰው ሲያወራ የሚሰማኝ የንብ ቀፎ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሻለኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሮኬትሽ ሁለት ነጥብ አላት። አንዱ ክብደቷ የሚያርፍበት ነው፤ ሞተሩ ውስጧ እያለ ጣትሽ ላይ ስታስተኛት ወዲያም ወዲህም ሳትዘነብል የምትቆምበት ቦታ። ሁለተኛው ነፋስ ጎኗን ሲመታት ግፊቱ የሚሰበሰብበት ነው። የክብደቱ ነጥብ ወደ አፍንጫው፣ የነፋሱ ነጥብ ወደ ጅራቱ መሆን አለበት። በመካከላቸው ቢያንስ የቱቦው ወርድ ያህል ርቀት ይኑር። እንዲህ ከሆነች ትንሽ ዘንበል ብትል ነፋሱ ራሱ ጅራቷን ገፍቶ ያቃናታል። ነጥቦቹ ቦታ ከተለዋወጡ ግን ነፋሱ አፍንጫዋን ይዞ ያዞራታል፤ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም።

የነፋሱን ነጥብ ለማግኘት ሮኬቷን ካርቶን ላይ አስተኝተሽ ዙሪያዋን በእርሳስ ንደፊ። ቅረጪውና ካርቶኑን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አመዛዝኚው። ሳይወድቅ የቆመበት ቦታ ለጥንቃቄ የሚበቃ ግምት ነው።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። ሞተሯን ሳታወጪ ክብደቷ በሚያርፍበት ቦታ ረጅም ክር እሰሪና ሜዳ መሐል ቆመሽ ራስሽ ዙሪያ አሽከርክሪያት። አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ደኅና ናት። ከዋለለች፣ ወይም ጅራቷን አስቀድማ ከዞረች አትለኩሻት። አፍንጫዋ ላይ ክብደት ጨምሪ፤ አለዚያም የጅራት ክንፎቿን አስፊና እንደገና ሞክሪ። ማንም ቢቸኩል፣ ማንም ቢያኮርፍ።

ጋሼ አሁንም ይሠራል ማለት ነው? ጤናውስ? «እሱ ያውቃል» ሲልሽ ፊቱ እንዴት ነበር? እየሳቀ ነው? ለአንቺ ትንሽ ነገር ይመስልሻል፤ ግን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ክፉ አይንካዎት። እኛ ደኅና ነን፤ የእርስዎ ደብዳቤ ደግሞ የበለጠ ደኅና አደረገን።

የላኩትን ሰሌዳው ላይ ገልብጬ ልጆቹን አስጻፍኳቸው። ካርቶኑን ቀርጸን በማስመሪያ ላይ ስናቆመው ጉዱ ወጣ፤ ክብደቱ ከነፋሱ ነጥብ በአራት ጣት ወደ ጅራቱ ቀርቷል። ክር አስረን ሳሽከረክራት እንዳሉት ጅራቷን አስቀድማ ዞረች። አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ ወደ ኋላ የምትሄድ ሮኬት ሠርተናል እኮ» አለችኝ። ከአባባ የሥራ ቤት የመስኮት ስቱኮ አምጥቼ በትንሽ በትንሹ አፍንጫዋ ውስጥ ጠቀጠቅን። አሁን ትዋልላለች እንጂ ወደ ኋላ አትዞርም። ክንፎቿ ከወረቀት ስለተሠሩ ይታጠፋሉ፤ የቀረው ችግር እሱ ነው።

ስለ ፊቱ ለጠየቁኝ፣ አላየሁትም። መላጊያውን ነበር የሚያየው።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ሮኬቷን ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ትቻት ወጣሁ። ስመለስ የወረቀት ክንፎቹ ተነቅለው በቦታቸው ከስስ ጣውላ የተቆረጡ አራት ክንፎች ተለጥፈዋል። ወርዳቸው ከቀድሞዎቹ ይሰፋል፤ የእንጨቱ መስመር ወደ ውጭ እንዲሄድ ሆኖ ተቆርጧል፤ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዷል። «አባባ አንተ ነህ?» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። በአንድ ዓይኑ እንዲህ ሲያስተካክል ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። ወጣት ሳለ በሥራ ላይ ስንጥር ገብቶበት ነው የጠፋው ብሎናል፤ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ኋላ ክንፎቹን አንድ በአንድ በማዕዘን መለኪያ ለካኋቸው፤ ስንዝር ይቅርና ፀጉር አልሳቱም።

ስለ ራስዎም ይጻፉልን እንጂ። ልጆች አሉዎት? ማን ያግዝዎታል?

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 2

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። አሞኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ሙሉው እውነት ግን እሱ አይደለም።

ስትለኩሷት ቀጥ ያለ ለስላሳ የብረት ዘንግ መሬት ላይ ትከሉ፤ ሮኬቷ ዘንጉ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ ጎኗ ላይ ተለጥፎባት ዘንጉን ተከትላ ትውጣ። ክንፍ የሚሠራው ነፋስ ሲያገኝ ነው፤ ፍጥነት እስክታገኝ ዘንጉ ይምራት። ማቀጣጠያው በኤሌክትሪክ፣ ከረጅም ሽቦ ጫፍ ይሁን። ከሠላሳ እርምጃ በታች ማንም እንዳይቆም። ነፋስ ካለ ለሌላ ቀን አስተላልፉት። ዘንግሽን ወደ ሰው አታዘንብይ።

ከዚህ ጋር በጥቅል የላክሁት የዓይን መከላከያ መነጽር ነው። አሥራ ሦስት ናቸው።

ልጅ የለኝም። የሚያግዘኝ ሰው የሚያስፈልገኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው።

የስንጥሩን ነገር እሱ ራሱ ነው የነገረሽ ወይስ ከሌላ ሰው ሰማሽ?

አጎትሽ


መጋቢት 27

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ዛሬ ስለ ሮኬት አልጠይቅዎትም።

ጥቅሉ ሲመጣ አባባ ቤት ነበር። ገመዱን በቢላዋ ቆርጦ መነጽሮቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» አለኝ። አሥራ አንድ አልኩት። «ካንቺ ጋር አሥራ ሁለት» አለ። አንዱን አንሥቶ አደረገው። መስተዋት ፊት ሄደ ብዬ እንዳልነግርዎት አልሄደም፤ እዚያው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። ያን ቀን ሥራ አልነካም። ስንጥሩን ማን ነገረሽ ላሉኝ፣ የነገረን እሱ ነው፤ ለሁላችንም፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ቃል።

ከዚያ ወዲህ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። እሱ እንደማይጠይቀኝ አውቃለሁ፤ እርስዎም ሳይነግሩኝ እንዳይቀሩ እየፈራሁ ነው።

ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎታል። ከባድ ጣውላ እንዳያነሳ ተከልክሏል፤ እኛ ፊት አያነሳም።

በመካከላችሁ ምን እንደነበረ ይንገሩኝ። ልጅ አይደለሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 24

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ለጋሼ ልብ ብርታት ይስጠው። የምጽፈውን ለአርባ ሁለት ዓመት በሆዴ ስጽፈው ስለኖርኩ ወረቀት ላይ ለማስፈር ይቀለኛል ብዬ ነበር። አራት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እኔ አሥራ ስምንት፣ እሱ ሃያ አንድ ዓመታችን ነበር። እሱ በአናጢ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ እኔ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከአንድ የድሮ መጽሔት ላይ ሥዕል አይቼ ሮኬት እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሞተሩን ራሳችን ሠራነው፤ ያንንም ማድረግ አልነበረብንም። እሱ ክንፎቹን ቆረጠ፤ ሒሳቡ የእኔ ነበር። ለሰፈር ሰው ሁሉ ቅዳሜ ኑና እዩ አልኩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዬን ጓሮ ወጥቼ በክር አሽከረከርኳት። ጅራቷን አስቀድማ ዞረች። ደገምኩት፤ ያው ነው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ አፍንጫዋ ላይ ክብደት መጨመር። ክብደት ከጨመርኩ ግን ከቤታችን ጣሪያ ብዙም አትወጣም፤ እኔ ደግሞ ከደመና ትደርሳለች ብዬ ፎክሬ ነበር። ዘንጉን ካረዘምኩት ትቃናለች ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ሳለ ጋሼ ክብሪቱን ያዘና «ፈትነሃታል?» አለኝ።

«ፈትኛታለሁ» አልኩት።

ቃሉ እውነት ነበር። እንዴት እንደዞረች አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም፤ የእኔ ቃል ይበቃው ነበር። ለኩሶ ወደ ኋላ ሮጠ። ሮኬቷ ከዘንጉ እንደወጣች ተጠማዘዘችና ተመለሰች። እሱ የት ደረሰች ብሎ ፊቱን ሲያዞር ነው ያገኘችው።

ለእናታችን በሥራ ቤት ስንጥር ገባብኝ ያላት እሱ ነው፤ ያየው የሰፈር ሰውም ዝም አለ። እናታችን ብታውቅ እኔን ለማስተማር የደከመችው ሁሉ ከንቱ ይሆንባት ነበር፤ እኔንም ከቤት ሳታስወጣ አትቀርም ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ እዚህ አገር ሥራ አገኘሁ። ልብሴን የያዝኩበትን የእንጨት ሻንጣ የሠራልኝ እሱ ነው። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ የሠራው የመጀመሪያ ዕቃ ነበር። ክዳኑ አልገጠመም። «ገና እጄን እያለማመድኩት ነው» አለኝና በገመድ አሰረልኝ። ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ሊወስደኝ የመጣው መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ገባሁ። ጥሩምባው ባይነፋም የምናገር አይመስለኝም።

ይህን ለእሱ አንብቢለት። ካንቺ አፍ ይስማው ማለቴ አይደለም፤ ቃሉ የእኔ ነው፤ አንቺ ዓይን ሁኚው። ከዚያ የሚለውን፣ ስድብም ቢሆን፣ እንዳለ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 25

ለአጎቴ፣

የምጽፈው መርዶ ነው። ቁጭ ብለው ያንብቡት። አባባ ግንቦት 30 ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ አረፈ። አልተሠቃየም። ቀብረነዋል። እማዬ ደኅና ናት ማለት ባይቻልም ቆማ ትሄዳለች።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ አቅቶኝ ነው ወር ሊሞላ እስኪቃረብ የዘገየሁት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ግንቦት 9 ነው። ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ተናደድኩብዎት። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ መንገድ ሲሻገር፣ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ፣ እኛም ስንስቅበት አየሁ። እርስዎ ይህን ጽፈው ይቅለልዎት፣ እሱ በታመመ ልቡ ይሸከም አልኩ። ፈተና ወረቀቶች መሐል ከትቼ መሳቢያውን ቆለፍኩት። ሮኬቷ ትውጣና አነብለታለሁ ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁት።

ግንቦት 16 ለኮስናት። አባባ ሳልጠራው መጣ። መነጽሩን አድርጎ ከልጆቹ ጀርባ ቆመ። ዘንጉን ጨብጦ ቀጥ ማለቱን አየ። «ፈተንሻት?» አለኝ። ያን ቃል ከአፉ ስሰማ ደነገጥኩ። «ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም አፍንጫዋን አስቀድማ ዞራለች» አልኩት። ዘንጉን ለቀቀና «እንዴት እንደዞረች ጨምረሽ ነገርሽኝ» አለ። ያውቅ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል፤ አላውቅም። ብጠይቀው ኖሮ አውቅ ነበር።

ሮኬቷ ቀጥ ብላ ወጣች። ጭሷ እንደ ተዘረጋ ክር ነበር። ከውስጧ ትንሽ ጃንጥላ ተከፍታ ሮኬቷን ይዛ ጄኔራል ያለበት አጥር አጠገብ ወረደች፤ አሁን ግን ለመሸሽ ጊዜ አገኘ። ልጆቹ ተቃቀፉ። አባባ መነጽሩን አወለቀና ሁለቱንም ዓይኖቹን በመሐረብ ጠረገ።

ወደ ቤት በእግር ስንሄድ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። በሁለተኛው ላይ እንደ ቀልድ አድርጎ «ደብዳቤ አልመጣም?» አለኝ።

«አልመጣም» አልኩት።

አጎቴ፣ በእጄ ነበር። እዚያው መንገድ ላይ ልነግረው እችል ነበር። ደክሞታል፣ ነገ ይሻላል አልኩ። በነጋታው እማዬ ነበረች፤ በሳምንቱ ፈተና ነበር፤ ከዚያ ምን ብዬ አልመጣም ያልኩትን መጣ ልበል ብዬ አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አለፈ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ፖስተኛው ሲያልፍ ግን ቀና ማለቱን አልተወም።

ይቅርታ እንዳልጠይቅዎት፣ ደብዳቤው የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የእሱ ነበር።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 21

ለወንድሜ ልጅ፣

ነፍሱን ይማር። አንቺንም እናትሽንም ያጽናችሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ተቆጥቼሽም ነበር፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ከዚያ ቁጣዬን ሳየው መልሶ የሚያርፈው እኔው ላይ ሆነ። አርባ ሁለት ዓመት በእጄ ነበር፤ አንቺ ሁለት ሳምንት ዘገየሽ ብዬ የምፈርድብሽ በየትኛው አፌ ነው።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ነበር። ያን ቅዳሜ ሐኪም ቤት ስገባ ጋሼ ግማሽ ፊቱ ታስሮ ተኝቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እጄን ያዘና «ምንም አይደለም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ግን ያ ቃል በሩን ዘጋብኝ። ምንም አይደለም ከተባለ ምን ብዬ ልጀምር? ከዚያ ወዲህ ለመናገር በተነሳሁ ቁጥር ያ ቃል ይመጣና ያስቀምጠኝ ነበር። ደግነቱ ነው ያፈነኝ ብል ነውር ነው፤ የፈራሁት እኔ ነኝ። ሆኖም በዚያ ቃል ተጠልዬ ኖርኩ።

ስለዚህ ምንም አይደለም አልልሽም። ትልቅ ነገር ነው። አባትሽ የሚጠብቀውን ነገር ይዘሽ አልሰጠሽውም፤ እኔም መስጠት በምችልበት ዘመን ሁሉ አልሰጠሁትም። ሁለታችንም በድለነዋል፤ ሁለታችንም እንወደው ነበር። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

የምመጣበትን ትኬት ቆርጫለሁ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እገባለሁ። እናትሽ ፊት ቁጭ ብዬ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። አርባ ዓመት የኖረችው ከዚያ ዓይን ጋር ነውና ማወቅ ይገባታል። ከዚያ ወዲያ በቤቷ ታሳድረኝ፣ አታሳድረኝ የእሷ ፈቃድ ነው።

የአንቺን፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ያቆየሽበትን ግን እኔ አልናገርልሽም። እስክመጣ ድረስም አትጠብቂ። ነገ ይሻላል አትበዪ፤ ደክሟታል አትበዪ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሺና እናትሽ ያለችበት ክፍል ሄደሽ ንገሪያት።

አጎትሽ